ሲሶው የማን ነው?

የሰው ልጅ ከሚተዳደርባቸው መንገዶች መካከል በመሬትና በቤት ኪራይ የመተዳደርን ያህል ከጥንት ጀምሮ የተከበረ፣ ያንኑም ያህል የተወቀሰ ማግኘት ያስቸግራል። ገበሬው በሞፈሩ፣ ሸማኔው በመወርወሪያው፣ ነጋዴው በሚዛኑ እንጀራውን ያገኛል፤ የድካሙም ምልክት ከመዳፉና ከትከሻው ላይ ይነበባል። ባለመሬቱና ቤት አከራዩ ግን ወሩ ሲያልቅ ወይም መኸሩ ሲገባ ድርሻቸውን ይቀበላሉ እንጂ፣ ድካማቸው የት እንደ ዋለ ሁልጊዜ አይታይም። ከዚህም የተነሣ አንዱ ወገን «ይዞታን ጠብቆ ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው» ሲል፣ ሌላው ወገን «የሰው ላብ መብላት ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ፍርዶች በኢትዮጵያ ምድር በተራ ሕግ ሆነው የሚሊዮኖችን ኑሮ ስለ ለወጡ፣ ጉዳዩ የሊቃውንት መከራከሪያ ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም። በመሬት መተዳደር ቅን ኑሮ የሚሆነው መቼ ነው? ዕዳ የሚሆነውስ መቼ ነው?

ሦስቱ እጆች

ጥያቄውን በማስተዋል ለመመርመር፣ ኪራይ የሚባለው ገንዘብ ወይም እህል ከምን ከምን እንደ ተዋቀረ አስቀድሞ መለየት ይገባል። አንድ ሰው ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ ማሳ የሚከፍለው ዋጋ ሦስት እጅ አለው። የመጀመሪያው እጅ የሠሪው ደመወዝ ነው፤ በከተማ ድንጋዩን ያስጠረበ፣ ጭቃውን ያስመረገ፣ ቆርቆሮውን ያስመታ፣ በገጠርም እርከኑን የካበ፣ ጉድጓዱን የቆፈረ፣ በሬውንና ዘሩን ያቀረበ ሰው የሚያገኘው ነው። ሁለተኛው እጅ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ የአፈሩ ለምነት፣ የዝናቡ መስማማት፣ የምንጩ ቅርበት ነው። ሦስተኛው እጅ የጎረቤትና የኅብረተሰብ ሥራ ነው፤ በአጠገብ ያለፈው መንገድ፣ የቆመው ገበያ፣ የተከፈተው ትምህርት ቤት፣ ሌሊት በሰላም የሚያሳድረው ጸጥታ ለዚያ ቦታ የጨመሩለት ዋጋ ነው።

በመጀመሪያው እጅ ላይ ብዙ ክርክር የለም፤ የሠራ ይብላ የሚለውን ሁሉም ይቀበለዋል። ሁለተኛውን እጅ ማንም አልሠራውም። ሦስተኛውን ደግሞ ብዙዎች ሠርተውታል፤ ሆኖም በተለመደው አሠራር የሚሰበስበው መሬቱን በእጁ የያዘው አንድ ሰው ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለመሬት የሚከፈለው ዋጋ ከመሬቶች ለምነትና አቀማመጥ መለያየት የሚመነጭ መሆኑን አሳይቷል። አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅም እ.ኤ.አ. በ1879 ባወጣው ታዋቂ መጽሐፉ፣ የቦታን ዋጋ የሚፈጥረው ኅብረተሰቡ ስለሆነ ያው ዋጋ በግብር አማካይነት ወደ ኅብረተሰቡ ይመለስ ሲል ተከራክሯል። በኢትዮጵያም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው ሥራቸው የሀብትን ምንጭ ከሰው ሥራ ጋር አያይዘው መርምረዋል።

እንግዲህ በመሬት የሚተዳደር ሰው ቅንነት የሚመዘነው በመጀመሪያው እጅ ሳይሆን በሦስተኛው ነው። ሲሶ የሚለው ቃል በአገራችን የመሬት ታሪክ ውስጥ ባለመሬቱ ከአራሹ ምርት የሚወስደው ድርሻ መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። ያንኑ ቃል ለዚህ ለሦስተኛው እጅ ብንውሰው፣ ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይሆናል፤ ብዙዎች የሠሩት ሲሶ የማን ነው?

የካዛንቺስ ምስክርነት

ይህ የሦስት እጅ ሒሳብ በአዲስ አበባ እምብርት፣ በካዛንቺስና በቂርቆስ ላይ ጎልቶ ይታያል። የካዛንቺስ ስም ራሱ የቤት ታሪክ ነው። በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም በአኅጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበር። የተቋሙ ቤቶች በቋንቋው «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የከተማው ሕዝብም ቃሉን በአንደበቱ አለስልሶ ካዛንቺስ አለው። ወራሪው ተባርሮ ሲሄድ ቤቱም ስሙም ቀረ።

ከነጻነት በኋላ በሰፈሩ ዙሪያ የታነጹት ታላላቅ ሕንጻዎች የአካባቢውን መሬት ዋጋ ከፍ አደረጉት። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ተሠራ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ፤ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሒልተን ሆቴል ተከፈተ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በካዛንቺስ አንዲት ካሬ መሬት የያዘ ሰው አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይጨምር የይዞታው ዋጋ ሲያድግ ተመለከተ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ለተሰባሰበው ሰፈርም፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርና የለገሃር ጣቢያ ተመሳሳይ ውለታ ውለውለታል።

ሆኖም የቦታን ዋጋ የሚሠሩት ቤተ መንግሥትና ታላላቅ ሆቴል ብቻ ናቸው ማለት ስሕተት ይሆናል። በካዛንቺስ ጓዳ ጎድጓዳ ውስጥ እንጀራ የምትጋግረው፣ በየማዕዘኑ ጉሊት የዘረጋችው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ለሠራተኛው በርካሽ ምሳ የምታቀርበው፣ ለሐዘንተኛው ድንኳን የሚተክለው የዕድር አባል፣ ሁሉም ሰፈሩን ሰው የሚፈልገው ሰፈር አድርገውታል። በሰነድ ላይ ስማቸው የማይገኝ እነዚህ ሰዎች የሲሶው ሠሪዎች ናቸው።

ጢስና ይዞታ

የከተማው ባለይዞታ ኑሮ ከገጠር ተለይቶ አያውቅም ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ ሰፋፊ ቦታ ከነበራቸው መሳፍንት፣ መኳንንትና ሹማምንት መካከል ብዙዎቹ በጠቅላይ ግዛቶቹ ጋሻ መሬት ነበራቸው። በአንድ እጃቸው የከተማውን የቤት ኪራይ፣ በሌላው እጃቸው የገጠሩን እህል ይቀበሉ ነበር። ባለመሬቱ መሬቱን ዓይቶት ላያውቅ ይችላል፤ በእርሱ ፈንታ የሚያዝዘው ምስለኔ ነው። በአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል በሰፊው በተንሰራፋው በዚህ ሥርዓት አራሹ ከምርቱ ሲሶውን፣ እርቦውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ካስረከበ በኋላ ልዩ ልዩ አገልግሎትም ይጠየቅ ነበር።

ቋንቋው ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ ምስክር ነው። ባላባት ሲባል ባለ አባት ማለት ነው፤ መብቱን ያገኘው በትውልድ ቆጠራ መሆኑን ቃሉ ይናገራል። ጭሰኛ ደግሞ ከጢስ የወጣ ስያሜ ነው፤ ምድጃውን በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያጤስ ሰው ማለት ነው። አንዱ አባቱን ሌላው ጢሱን ይዞ በአንድ ማሳ ላይ ሲገናኙ፣ አፈሩን በየዓመቱ የሚያገላብጠው ባለ ጢሱ ነበር። በሰሜኑ የርስት አገር ግን ሁኔታው የተለየ ነበር፤ እዚያ ገበሬው ራሱ ከአቅኚ አባቱ በሚቆጥረው ዘር የርስት ድርሻ ይጠይቃል። «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» የሚለው አነጋገርም ርስት ለገበሬው ከሀብትነት አልፎ ክብሩና ስሙ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ያነሡት ጥያቄ በመሠረቱ ይኸው የድርሻ ጥያቄ ነበር። ያልዘራ ለምን ያጭዳል?

የ1967 መልስ

መልሱ በ1967 ዓ.ም. በሁለት አዋጆች መጣ። በየካቲት የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሬትን መሸጥን፣ መለወጥን፣ በዋስትና ማስያዝንና ማከራየትን ከለከለ፤ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ፈረሰ። በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደለት፤ ሌላው ተወረሰ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ።

በእነዚህ አዋጆች ጭሰኛው ከምስለኔው ደጅ ጥናት ተላቀቀ፤ የከተማው ደሃ ተከራይም ቤት ልቀቅ ከሚል ሥጋት አረፈ። ይህ ትልቅ ፍትሕ ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ከሲሶው ጋር የመጀመሪያውም እጅ አብሮ ተወረሰ። ዕድሜ ልኳን ጠላና ጠጅ ሸጣ፣ ዕቁብ ጥላ ሦስት ክፍል ያሠራች ሴትና መቶ ቤት የነበረው መስፍን በአንድ ቃል ተጠሩ፤ ትርፍ ቤት ያላቸው ተባሉ። የድካምን ፍሬ ከቦታ ዋጋ ሳይለዩ መውረስ በፍትሕ ስም የተሠራ ሌላ ግፍ ነበር።

ውጤቱም በቀበሌ ቤቶች ግድግዳ ላይ ታየ። የሠሪው ደመወዝ በሚዘነጋበት ቦታ የሚጠግን አይገኝም። በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት የጭቃ ቤት ለዓሥርት ዓመታት ሳይታደስ ቆየ፤ ቆርቆሮው ዛገ፣ ማገሩ በሰበሰ፣ አንዱን መጸዳጃ ብዙ አባወራ ተጋራው። ቀበሌው ባለቤት ነኝ እንዳይል የማደሻ ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩም ነገ የኔ ላይሆን ብሎ ይሰንፋል። ኪራይም ቢሆን በአዋጅ አልሞተም። ከቀበሌው በአነስተኛ ዋጋ የተከራየ ሰው አንዱን ክፍል ለደባል በገበያ ዋጋ ማከራየት ጀመረ። እንደ ካዛንቺስ ባለ እምብርት ሰፈር በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አልነበረም፤ እርሱም ያው ሲሶው ነበር፤ በሌላ በር ወጥቶ በሌላ ሰው ኪስ ገባ። የትናንቱ ተከራይ ሳያውቀው የዛሬ ባለመሬት ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የባለይዞታውን ስም መለወጥ ብቻውን የሲሶውን ጥያቄ እንደማይፈታው ነው።

አከራይ ሁሉ ጉልበተኛ አይደለም

በገጠርም ያልታሰበ ጉዳይ ተከሠተ። የ1967ቱ የገጠር አዋጅ ቅጥር ጉልበትን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ ለበሽተኛና ለአረጋዊ ግን ፈቅዶ ነበር። ሕግ አውጪው መሬት ያለው ሁሉ አራሽ ሊሆን እንደማይችል ተገንዝቧል ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ሲደነግግ፣ በኋላ የወጡት የገጠር መሬት ሕጎች ገበሬው ይዞታውን ለተወሰነ ዘመን እንዲያከራይ ፈቀዱለት።

እስቲ በጎጃም ወይም በወሎ አንዲት ባሏ የሞተባትን እናት እናስብ። ሁለት ጥማድ መሬት አላት፤ በሬ ግን የላትም፤ ቢኖራትም በአካባቢው ልማድ ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ስለዚህ መሬቱን በሬ ላለው ጎረቤት በእኩል ትሰጣለች፤ በጎጃም መጋዞ የሚባለው ነው። አራሹ ጎልማሳ ነው፤ በሬ አለው፤ ከሌሎችም በእኩል ይዟል። እርሷ የአውድማው ቀን ምርቱ ሲሰፈር ከመቆም በቀር አቅም የላትም፤ ጥቂት ቁና ቢጎድልባትም ደፍራ አትናገርም፤ ለከርሞ የሚያርስላት ታጣለችና። በዚህ ውል ውስጥ ባለመሬቷ ደካማ፣ አራሹ ብርቱ ነው። ባለመሬት ሁሉ በዝባዥ ነው የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ ይሰናከላል። በካዛንቺስም ከግቢዋ አንዲት ክፍል አከራይታ በዚያ ገንዘብ መድኃኒቷን የምትገዛ አሮጊት ከዚች የገጠር እናት ጋር በአንድ ሚዛን ትመዘናለች። ስለዚህ የኪራይን ቅንነት ለመዳኘት ማን እንደሚቀበል ብቻ ሳይሆን፣ ውሉ ላይ እምቢ ማለት የሚችለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። እምቢ ለማለት ያልቻለ ወገን ከተስማማበት ውል የሚገኝ ገንዘብ ምንም በሕግ የጸና ቢሆን ከነውር አይጸዳም።

በከተማው ዳር

ከዚህ በኋላ ወደ ከተማውና ገጠሩ መገናኛ መሄድ ይገባል። ጥያቄው ዛሬ እጅግ የሚከርረው እዚያ ነውና። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ ወደ ዳሯ ስትሰፋ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮየ ፈጨ ጤፍና ስንዴ ይዘራባቸው ከነበሩ ማሳዎች ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ሰፈርነት ተለወጡ። መሬቱ የማይሸጥ ስለሆነ ገበሬው የሚያገኘው ካሣ እንጂ ዋጋ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው የሚፈናቀል ገበሬ የዓመታዊ አማካይ ገቢውን 10 እጥፍ እንዲያገኝ ወስኖ ነበር፤ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ሲታጣ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈለው አድርጓል። በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬትን ለመኖሪያ በሊዝ የሚወስድ ሰው የሚያገኘው ዘመን እስከ 99 ዓመት ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የገበሬው ሒሳብ የሚሠራው በጤፉ ነው፤ የአዲሱ ባለይዞታ ሒሳብ የሚሠራው በመንገዱ፣ በመብራቱና በከተማዋ መጪ ዘመን ነው። አንድ ማሳ ነው፤ ሚዛኑ ግን ሁለት ነው። በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው ልዩነት ሲሶው ነው፤ ከሲሶውም ገበሬው እጁ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ገበሬዎች በተቀበሉት ካሣ ምን እንደሚሠሩበት ሳይማከሩ ገንዘቡ አልቆባቸው፣ ትናንት ባረሱት መሬት ላይ ለቆመ ሕንጻ ዘበኛ ሆነው ታይተዋል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእነርሱ የተተረተ ይመስላል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ፣ በዚያም የጠፋው የሰው ሕይወትና በጥር 2008 ዓ.ም. የፕላኑ መሰረዝ፣ ይህ የሒሳብ ጉዳይ ምን ያህል ደም ሊያቃባ እንደሚችል አሳይተዋል።

መወሰዱ አይቀርም ብሎ የሠጋ ገበሬ ደግሞ አስቀድሞ በድብቅ መሸጥን መረጠ። በውሉ ላይ የሚጻፈው ጎጆ ነው፤ የሚከፈለው ግን ለመሬቱ ነው። በአንድ ሌሊት የሚቆመው የጨረቃ ቤት እንዲህ ተወለደ። በዚህ መካከል ደላላው ብቅ ይላል። ደላላነት በራሱ ነውር የለበትም፤ ሻጭና ገዢን ማገናኘት እግርን የሚያደክም፣ ምላስን የሚያደርቅ ሥራ ነው፤ ዋጋም ይገባዋል። ነገር ግን በካዛንቺስ ቡና ቤት ተቀምጦ አስፋልቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከቢሮ ሰው አስቀድሞ የሰማ፣ ያንን ለማያውቅ ገበሬ ማሳውን በርካሽ እንዲለቅ የሚያግባባ ደላላ የሚሸጠው ድካሙን አይደለም። የሚሸጠው የገበሬውን አለማወቅ ነው። እንዲህ ያለውን ጥቅም ሌብነት ብሎ ለመጥራት ሕግ ቢያመነታ፣ ኅሊና ሊያመነታ አይገባም።

የናቡቴ እምቢታ

አንዳንዶች መፍትሔው መሬትን በነጻ ገበያ መሸጥና መለወጥ ነው ይላሉ። ገበሬው ባለቤት ቢሆን ኖሮ የሲሶውን ዋጋ ራሱ ይደራደርበት ነበር ሲሉም ያስረዳሉ። ይህ ቸል የሚባል ክርክር አይደለም፤ በሁለት ሚዛን መመዘንን ያስቀራልና። በአንጻሩ የሕገ መንግሥቱን ድንጋጌ የሚደግፉ ወገኖች፣ ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት ተርቦ መሬቱን በጆንያ እህል ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ዳግመኛ ጭሰኛ ይሆናሉ ብለው ይሠጋሉ። ይህም ሥጋት ከታሪክ የመነጨ ነው። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሽያጭ ሲፈቀድ ሲሶው ለገዢው፣ ሲከለከል ደግሞ መድቦ ለሚሰጠው ሹም ያደላል። ማንም ባለቤት ቢባል፣ ሲሶውን የሠሩትን ሰዎች ቆጥሮ የሚያስታውስ ሥርዓት ከሌለ ፍትሕ አይገኝም።

የካሣ ገንዘብ ብቻውን ፍትሕን እንደማይሞላ የሚያሳይ አንድ ጥንታዊ ታሪክ በአገራችን ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት እንደተተረከው፣ ንጉሥ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የነበረውን የናቡቴን የወይን ቦታ ፈለገ። የጠየቀው በነጻ አልነበረም፤ የተሻለ ወይን ቦታ በምትኩ ሊሰጠው፣ ቢፈልግም በገንዘብ ሊከፍለው ቃል ገባ። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ፤ በሐሰት ምስክርም ተገደለ። ታሪኩ የሚነቅፈው ግድያውን ብቻ ቢሆን ኖሮ የንጉሡን መልካም ዋጋ ባልተረከልን ነበር። በተነገረው ዋጋና በናቡቴ እምቢታ መካከል፣ አንድ ቦታ ለሰው ከምርቱና ከስፋቱ በላይ የሆነ ነገር እንደሚይዝ ተጽፏል።

መንገዱ ሲዞር

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ከነዋሪዎቹ ከፊሎቹ ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ በከተማዋ ዳር ወዳሉ አዳዲስ መንደሮች ተዛወሩ። የቀበሌ ቤት ነዋሪው ምትክ ቤት ሲያገኝ፣ በግል ተከራይነትና በደባልነት ይኖር ለነበረው ግን በሒሳቡ መዝገብ ላይ በአብዛኛው ዓምድ አልተገኘለትም። የፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ያፈሰሱ፣ ያዘመሙ፣ ለጤናም የማይመቹ እንደ ነበሩ መካድ ከእውነት መራቅ ነው። የሚያፈስ ጣራን የሚናፍቅ የለም፤ ከተማም ማደግ አለባት። ከቤቱ ጋር የፈረሰው ግን በካሬ ሜትር የማይለካው ነው። ዕድር በሰፈር ይቆማል፤ ሰፈር ሲበተን ቀባሪ ይበተናል። የጉሊቷ ሴት ደንበኞቿን ይዛ አልሄደችም፤ እንጀራ ጋጋሪዋም ቢሮዎቹን ከኋላዋ ትታ ነው የሄደችው። አዲሱ ቤቷ ከቀድሞው የተሻለ ጣራ ሊኖረው ይችላል፤ በጣራው ሥር የሚበላው እንጀራ ግን ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ክብ ሆኖ ይዘጋል። ከካዛንቺስ የተነሣችው ሴት የምትሰፍረው ሌላ ገበሬ ቀደም ሲል በተነሣበት ዳርቻ ላይ ነው። እርሷ በእምብርቱ የሠራችውን ሲሶ ትታ መጥታለች፤ እርሱም በዳሩ ሊደርስበት የነበረውን ሲሶ ትቶ ሄዷል። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ቢገናኙም እርስ በርስ ቂም የሚያያዙ ይመስላቸዋል። በእውነቱ ግን ባለ አንድ ጉዳይ ናቸው። የሁለቱም ድርሻ የሚገኘው በመካከላቸው በሚቆመው በአዲሱ መንገድ ዳር፣ በአዲሱ ሕንጻ ኪራይ ውስጥ ነው።

የዕዳው አከፋፈል

እንግዲህ በመሬትና በቤት መተዳደር ኃጢአት ነው ብሎ መፍረድ ያቺን የጎጃም እናትና ያችን የካዛንቺስ አሮጊት መበደል ነው። ፍጹም መብት ነው ብሎ መደምደምም ምስለኔውንና የአስፋልቱን ወሬ የሚቸረችረውን ደላላ ማጽደቅ ይሆናል። በመሬት የሚኖር ሰው ዕዳ እንዳለበት ሰው ነው፤ ዕዳውን የሚከፍል እስከ ሆነ ድረስ ኑሮው ቅን ነው።

የአነስተኛው አከራይ ዕዳ ቀላል ነው። ቤቱን መጠገን፣ ቃሉን መጠበቅ፣ ከሰፈሩ ዕድገት የመጣውን ጭማሪ ሁሉ ከተከራዩ ደመወዝ ላይ ለመንጠቅ አለመጣደፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ማዘዙ፣ እምቢ ለማለት ለማይችለው ወገን የተሰጠ ትንሽ ምርኩዝ ነው። የገጠሩ አራሽም ለባሏ ለሞተባት እናት ቁናውን ሞልቶ የመስፈር ዕዳ አለበት።

የትልቁ ባለይዞታና የመንግሥት ዕዳ ግን ከዚህ ይከብዳል። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የሄንሪ ጆርጅን አሳብ በከፊል ያስታውሳል፤ ከቦታ ዋጋ የተገኘው ጥቂቱ ወደ ጋራ ካዝና ይገባልና። ይሁን እንጂ የከተማ ካዝና ገበሬውንና ጉሊት ሻጯን በስማቸው አያውቃቸውም። የ2011ዱ አዋጅ ባለይዞታዎች አቅሙ ካላቸው መሬታቸውን በፕላኑ መሠረት ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ገንዘብ ለሌለው ሰው እንዲህ ያለው መብት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። መብቱ ሥጋ የሚለብሰው፣ ገበሬው በማሳው ላይ ከሚቆመው ሕንጻ ድርሻ ሲኖረው፣ ልጁም ዘበኛ ብቻ ሳይሆን ባለሱቅ የመሆን ዕድል ሲያገኝ ነው። ለካዛንቺስ ሰዎችም ቢሆን፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ዕድርተኛ ከዕድርተኛው ሳይነጣጠል የሚሰፍርበትን፣ ጉሊቷ ሴት በአዲሱ መንገድ ዳር መደብ የምታገኝበትን መንገድ መሻት ከምጽዋት የሚቆጠር አይደለም፤ የሠሩትን መመለስ ነው።

አንድ ቤት የሚያከራይ፣ አንድ ማሳ በእኩል የሚሰጥ፣ አንድ ቦታ የሚያሻሽጥ፣ አንድ ሰፈር አፍርሶ የሚሠራ ሁሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ከዚህ ውስጥ እኔ የሠራሁት ስንቱ ነው? የቀረውንስ የሠሩት ሰዎች ዛሬ የት ናቸው? መልሱን የሚያውቅ ሰው የት ሄዶ እንደሚከፍል ያውቃል።